የውሃ መስመር ሞዴል በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ? መጀመሪያ ካርታችሁ የት እንዳለ እዩ

የውሃ ስርጭት መረብን በኮምፒውተር ሞዴል ማድረግ የፈለገ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ «በትክክል የሚያሰላው የትኛው ሶፍትዌር ነው?» መልሱ ጠያቂውን ብዙም አያስደስተውም። ሁሉም ያሰላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኢፓኔት የተባለውን የውሃ መረብ ስሌት ሶፍትዌር በ1993 ለቀቀው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በውስጡ ያለው የስሌት ዘዴ ግራዲየንት ይባላል። ቶዲኒና ፒላቲ የተባሉ ጣሊያናውያን በ1980ዎቹ ያወጡት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ውድ ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ ወይ ራሱን ኢፓኔትን በውስጣቸው ይዘዋል፣ ወይ በዚያው ዘዴ ነው የሚሠሩት። ያንኑ ቧንቧ፣ ያንኑ ከፍታ፣ ያንኑ ፍጆታ ስጧቸው፤ የሚመልሱላችሁ ግፊት ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ለመንገዱ ነው። ቧንቧዎቻችሁ አሁን የሆነ ቦታ ተመዝግበዋል። አውቶካድ ስዕል ላይ፣ ሻፕፋይል (የዲጂታል ካርታ ፋይል) ውስጥ፣ የድሮ ወረቀት ላይ፣ ወይም ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት በቀረው ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ። ከዚያ ተነስቶ የሚሠራ ሞዴል ላይ መድረስ አንድ ሥራ ነው። ካርታው በተቀየረ ቁጥር ሞዴሉን አብሮ ማደስ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ሶፍትዌሮቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስም ከመጥራታችን በፊት መለኪያዎቹን እናስቀምጥ።

## በምን እንለካቸው?

ካርታን እንዴት ያነባል? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ካርታ ላይ ሁለት ቧንቧዎች የተገናኙ ይመስላሉ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ በመካከላቸው የ20 ሳንቲሜትር ክፍተት አለ። ለዓይን ምንም አይደለም። ለስሌቱ ግን ከክፍተቱ ወዲያ ያለው ሰፈር በሙሉ ውሃ አጣ ማለት ነው። ተቃራኒውም አለ። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች የሚያልፉ፣ መሬት ውስጥ የማይገናኙ ሁለት መስመሮች ካርታው ላይ እርስ በርስ ሲያቋርጡ ይታያሉ። ሶፍትዌሩ «መስቀለኛ ባየሁበት ሁሉ መገናኛ አስገባለሁ» ካለ የማይተዋወቁትን አጋብቶ አረፈው። ጥሩ መሣሪያ ምን ያህል ክፍተት እንዲዘጋ እናንተ እንድትወስኑ ያደርጋል። የጠረጠረውን ቦታም አንድ በአንድ ያሳያችኋል። ዝም ብሎ «አስተካክያለሁ» የሚለውን አትመኑት።

የአቀማመጥ ሥርዓቱም እዚሁ ይገባል። ካርታው በኬክሮስና ኬንትሮስ ዲግሪ ከሆነ ሶፍትዌሩ የቧንቧውን ርዝመት 0.003 ብሎ ሊያነበው ይችላል። ይህንን አውቆ ወደ ሜትር የሚቀይር አለ፤ ቁጥሩን እንደወረደ የሚቀበል አለ።

ባዶ ሠንጠረዥ ሲገጥመው ምን ያደርጋል? የብዙ መረብ መረጃ ላይ የዲያሜትር አምዱ ግማሹ ባዶ ነው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ባዶውን በራሱ ነባር ቁጥር ሞልቶ ያልፋል። ይህ ቀልድ አይደለም። በሄዘን ዊልያምስ ቀመር የግፊት ብክነቱ ከዲያሜትሩ 4.87ኛ ኃይል ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። 80 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቧንቧ 100 ብላችሁ ካስገባችሁ ለዚያው ፍሰት ብክነቱን ወደ ሲሶ አወረዳችሁት። ሞዴሉ «ግፊት ሞልቷል» ይላችኋል፤ ሰዉ ቤቱ ውስጥ ባልዲ ይዞ ይጠብቃል።

ከፍታና ፍጆታን እንዴት ይጭናል? 10 ሜትር ከፍታ በግምት 1 ባር ግፊት ነው። በነፃ የሚገኘው የኤስአርቲኤም የከፍታ መረጃ በ2000 ከጠፈር መንኮራኩር የተለካ ነው። አንዱ ካሬ ወደ 30 ሜትር ይሰፋል፤ የዛፍ ጫፍና የሕንፃ ጣሪያም ከመሬቱ ጋር ይደባለቅበታል። የብዙ ሜትር ስህተት ቢኖረው አይገርምም። ከፍታን በአንድ ጊዜ ለሺህ ኖዶች (ቧንቧዎች የሚገናኙባቸው ነጥቦች) የሚጭን መሣሪያ ጊዜ ይቆጥባል፤ የተሳሳተ ከፍታን ግን አያቀናም። ማጠራቀሚያዎቹን፣ ፓምፖቹንና ከፍታ ላይ ያሉትን ቤቶች በሰርቬይ ማስለካት የትኛውም ሶፍትዌር አያስቀርላችሁም። ለፍጆታም ያው ነው። የቆጣሪ ንባብን ከካርታው ነጥብ ጋር አያይዞ ለቅርቡ ኖድ የሚያከፋፍል ካለ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግፊት ሲወድቅ ምን ይላል? የድሮው አሠራር ፍጆታ መር ነው። ኖዱ 2 ሊትር በሰከንድ ይፈልጋል ካላችሁ ግፊቱ ከዜሮ በታች ቢወርድም 2 ሊትሩን ሰጠሁ ይላል። ግፊት መር ስሌት ግን ግፊቱ ሲያንስ የሚወጣውንም ውሃ ይቀንሳል። መረባችሁ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ልዩነቱ አያሳስብም። ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅ ከሆነ ወይም «ይህ ዋና መስመር ቢሰበርስ?» ብላችሁ የምትጠይቁ ከሆነ ግን ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ፈረቃ ላለበት መረብ ግፊት መር ስሌትም ሙሉ መልስ አይሆንም። ኢፓኔትና ወንድሞቹ ቧንቧው ምንጊዜም በውሃ የተሞላ ነው ብለው ነው የሚነሱት። ባዶ ቧንቧ ሲሞላ ምን እንደሚሆን አያሳዩም። ተመራማሪዎች ለዚህ የጎርፍ ውሃ ሶፍትዌር የሆነውን ኤስደብሊውኤምኤምን ሲጠቀሙ ታያላችሁ። ፓምፕ በድንገት ሲጠፋ የሚፈጠረው የግፊት ድንጋጤም እንዲሁ ራሱን የቻለ መሣሪያ ይፈልጋል። ሻጩ «ሁሉንም ይሠራል» ካላችሁ እነዚህን ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁት።

ካርታው ሲቀየር ሞዴሉስ? ሞዴል ተሠርቶ ሪፖርቱ ቀረበ እንበል። ከስድስት ወር በኋላ 40 አዳዲስ ቧንቧዎች ካርታው ላይ ገብተዋል። እነሱን ብቻ ለይቶ ማስገባት ይቻላል ወይስ ከዜሮ መጀመር ነው? ብዙ ሞዴሎች የሚሞቱት በስሌት ስህተት ሳይሆን እዚህ ጋ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን በአጭሩ ልበል። አንደኛው ክፍያው ነው፤ በዓመት ነው? በቧንቧ ብዛት ነው? ላይሰንሱ በስንት ኮምፒውተር ይሠራል? ሁለተኛው መውጫ በሩ ነው። ሞዴሉን በኢፓኔት የአይኤንፒ ፋይል ማውጣት ካልተቻለ ሠርታችሁትም የእናንተ አይደለም።

## ምርጫዎቹ

ኢፓኔት ብቻውን። ነፃ ነው፤ ማንም ይጠቀምበታል፣ ማንም ኮዱን ያየዋል። የ24 ሰዓት የግፊትና የማጠራቀሚያ ለውጥን፣ የክሎሪን መቀነስን፣ የውሃውን ዕድሜ ሁሉ ያሰላል። በ2020 የወጣው 2.2 ግፊት መር ስሌትን ጨምሯል።

በካርታ በኩል ግን ዕውር ነው ማለት ይቻላል። የአቀማመጥ ሥርዓት አያውቅም፤ ኮኦርዲኔት ለእሱ ተራ ቁጥር ነው። ከጀርባ የካርታ ምስል ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሻፕፋይል ግን በቀጥታ አይከፍትም። የሠራችሁትን ወደኋላ የሚመልስ ቁልፍ እንኳ የለውም። አንድ ኖድ በስህተት ካጠፋችሁ ጠፋ ነው፤ በየጊዜው ሴቭ ማድረግ ልመዱ።

እኔ በእሱ የተሸወድኩት ደግሞ በመለኪያው ነው። መጀመሪያ ሲከፈት በጋሎን በደቂቃ ነው የሚነሳው። መረቡን ሁሉ ከሳልኩ በኋላ ወደ ሊትር በሰከንድ ቀየርኩትና ያስተካክልልኛል ብዬ ተቀመጥኩ። አያስተካክልም። የገቡት ቁጥሮች ባሉበት ይቀራሉ፤ ኢንቹ ሚሊ ሜትር ተብሎ ይነበባል። ሁለት ቀን ሙሉ «ይህ ግፊት ምን ነካው?» ስል ከረምኩ። መለኪያውን ከመጀመሪያው ቧንቧ በፊት ምረጡ።

ኪው ጂአይኤስ ከተጨማሪ ፕለጊን ጋር። ኪው ጂአይኤስ ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ነው። ኢፓኔት የጎደለውን ዓይን የሚሰጠው እሱ ነው። በላዩ ላይ የሚጫኑ ፕለጊኖች ካርታውን ወደ ሞዴል ይቀይራሉ፤ ስሌቱን ከጀርባ ኢፓኔት ይሠራል፤ ውጤቱ ተመልሶ ካርታው ላይ በቀለም ይወጣል።

ሁለቱን ለይቼ ልጥቀስ። ኪውጂአይኤስሬድ በስፔን የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው። ያልተገናኙ ጫፎችን፣ የተደራረቡ መስመሮችን፣ የጠፉ ዲያሜትሮችን እየፈለገ የሚያሳዩ ብዙ መሣሪያዎች አሉት። ከላይ ስለ ክፍተትና መስቀለኛ ያማረርኩትን ሁሉ ያሰበበት ሰው እንደሠራው ይታወቃል። ጂአይኤስዋተር ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። መረጃውን ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል። ቧንቧ ቢሰበር የትኞቹ ቫልቮች እንደሚዘጉና የትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚያጣ ለይቶ ያወጣል። የፍሳሽ መረብንም ይይዛል። ለአንድ የውሃ አገልግሎት ቤት ሙሉ የንብረት መዝገብ ሊሆን ይችላል። ዳታቤዝ የሚያስተዳድር ሰው ግን ይፈልጋል። እሱ ከሌለ አትንኩት።

የዚህ መንገድ ችግር አንድ ነው። ሲበላሽ የምትደውሉለት ሰው የለም። ኪው ጂአይኤስ ወደ አዲስ ቨርዥን ሲሸጋገር ፕለጊኑ አብሮ ላይነሳ ይችላል። የሚሠራውን ቨርዥን ይዛችሁ ቆዩ፤ አዲስ ወጣ ተብሎ ፕሮጀክት መሀል አፕዴት አይደረግም።

ደብሊውኤንቲአር። የአሜሪካው ኤጀንሲ ከሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ጋር ያዘጋጀው፣ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ጥቅል ነው። መስኮትና ቁልፍ የለውም፤ ኮድ ነው የሚጻፈው። የአይኤንፒ ፋይል ያነባል። ግፊት መር ስሌትና ፍንጣቂን ይዟል። «እያንዳንዱ ቧንቧ በየተራ ቢሰበር ማን ይጎዳል?» የሚለውን ጥያቄ በእጅ ለ800 ቧንቧ ከመሞከር በአንድ ዑደት ይጨርስላችኋል። ሞዴል ለመገንባት ሳይሆን የተገነባውን ለመጨቅጨቅ ነው የተፈጠረው።

ዋተርካድና ዋተርጀምስ። የሄስታድ ሜተድስ ምርቶች ነበሩ፤ ቤንትሌይ ኩባንያውን በ2004 ገዛው። ኋላ ላይ ስማቸው ላይ ኦፕንፍሎውስ የሚል ተጨምሯል። ዋተርካድ ለብቻው ወይም አውቶካድ ውስጥ ይሠራል። ዋተርጀምስ ደግሞ አርክጂአይኤስ በተባለው የሚከፈልበት የካርታ ሶፍትዌር ውስጥም ይገባል፤ ሞዴሉን ከመስክ ልኬት ጋር የማስታረቂያና የዲዛይን ማመቻቻ መሣሪያዎችም ይጨምራል።

የሚያስከፍሉበት ዋና ነገር ሞዴልቢልደር ይባላል። የካርታውን አምድ ከሞዴሉ አምድ ጋር አንዴ ታገናኙታላችሁ። ከዚያ ወዲያ አዲስ የገባውን፣ የተቀየረውን፣ የወጣውን ለይቶ ያመሳስላል፤ ከሞዴል ወደ ካርታም ይመልሳል። ያን የ40 ቧንቧ ጥያቄ በደንብ የመለሰው እሱ ነው። ከፍታ የሚጭንና የቆጣሪ ፍጆታ የሚያከፋፍልም አብሮት አለ። አማራጭ እቅዶችን፣ ማለትም የዛሬውን፣ የአሥር ዓመት በኋላውን፣ እሳት የተነሳበትን ቀን፣ በአንድ ፋይል መያዝ ይቻላል። በኢፓኔት ይህንን የምትሠሩት ፋይሉን «የመጨረሻ_2_እውነተኛ» እያላችሁ በማባዛት ነው።

ኢንፎዋተር ፕሮ እና ኢንፎወርክስ ደብሊውኤስ ፕሮ። ሁለቱም የኢኖቫይዝ ነበሩ፤ አውቶዴስክ በ2021 ገዛው። ኢንፎዋተር ፕሮ አርክጂአይኤስ ፕሮ ውስጥ ነው የሚኖረው። የካርታ ክፍላችሁ አርክጂአይኤስ ፕሮ ላይ ከሆነ ከሞዴሉ ጋር አንድ መስኮት ላይ ይገናኛል። ካልሆነ ግን የአርክጂአይኤስን ክፍያ ጭምር ነው የምትሸከሙት። የቀድሞው ኢንፎዋተር የድሮው አርክጂአይኤስ በሆነው አርክማፕ ላይ ነበር የሚሠራው፤ አርክማፕ ደግሞ ድጋፉ በማርች 2026 አብቅቷል። በድሮው የተሠራ ሞዴል ያላችሁ ሰዎች መሸጋገሩን አታዘግዩት።

ኢንፎወርክስ ደብሊውኤስ ፕሮ ሌላ ዓለም ነው። የራሱ የስሌት ሞተርና የራሱ ዳታቤዝ አለው። ብዙ ሰው በአንድ መረብ ላይ ይሠራል፤ ማን ምን እንደቀየረ ይመዘገባል። ሞዴል የሚሠራ ሙሉ ክፍል ላለው ትልቅ አገልግሎት ነው። ለአንድ ሰው መግዛት በከባድ መኪና ዳቦ ለመግዛት እንደመውጣት ነው።

ማይክ ፕላስ። የዴንማርኩ ዲኤችአይ ሥራ ነው፤ ማይክ ኧርባን የተባለውን ተክቷል። ለንጹህ ውሃው ክፍል ኢፓኔትን ነው የሚጠቀመው። ጥቅሙ የሚታየው የፍሳሽና የጎርፍ ሞዴልም የምትሠሩ ከሆነ ነው፤ ሁሉም በአንድ ገጽ ይመጣላችኋል። ለንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ እኔ አልመርጠውም።

## በአንድ እይታ

| ምርጫ | ካርታ አያያዝ | ግፊት መር ስሌት | ካርታው ሲቀየር | ክፍያ | የሚፈልገው ሰው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢፓኔት 2.2 | ደካማ፤ ምስል ብቻ | አለው | በእጅ | ነፃ | መሐንዲስ |
| ኪው ጂአይኤስ + ኪውጂአይኤስሬድ | ጥሩ፤ ስህተት ይፈልጋል | በኢፓኔት በኩል | እንደ ሠሪው ጥንቃቄ | ነፃ | ካርታ የሚያውቅ መሐንዲስ |
| ኪው ጂአይኤስ + ጂአይኤስዋተር | በጣም ጥሩ | በኢፓኔት በኩል | ካርታና ሞዴል አንድ ዳታቤዝ | ነፃ፤ ግን የሰው ወጪ አለው | የዳታቤዝ ባለሙያ ጭምር |
| ደብሊውኤንቲአር | በኮድ | አለው | በኮድ | ነፃ | ፓይተን የሚጽፍ |
| ዋተርካድ | ጥሩ፤ አውቶካድ ውስጥም | አለው | ያመሳስላል | ከፍተኛ | መሐንዲስ |
| ዋተርጀምስ | በጣም ጥሩ | አለው | ያመሳስላል | ከዋተርካድ በላይ | መሐንዲስና የካርታ ባለሙያ |
| ኢንፎዋተር ፕሮ | በጣም ጥሩ፤ አርክጂአይኤስ ፕሮ ግዴታ | አለው | እዚያው ካርታው ላይ | ከፍተኛ፤ ሲደመር አርክጂአይኤስ | መሐንዲስና የካርታ ባለሙያ |
| ኢንፎወርክስ ደብሊውኤስ ፕሮ | ጥሩ፤ የራሱ ዳታቤዝ | አለው | በጠንካራ ቁጥጥር | በጣም ከፍተኛ | የሞዴል ቡድን |
| ማይክ ፕላስ | ጥሩ፤ የራሱ ካርታ | አለው | ያስገባል፣ ያወጣል | ከፍተኛ | ፍሳሽም የሚሠራ ቢሮ |

## ለማን ምን?

ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ጥቂት መቶ ቧንቧ ያለው አዲስ መረብ ዲዛይን የምታደርጉ ከሆነ ኢፓኔትና ኪው ጂአይኤስ ይበቃችኋል። ለሌላ ነገር ገንዘብ አታውጡ። ሥራ ላይ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ሶፍትዌር የትኛውም ይሁን፣ ኢፓኔትን ያወቀ ሰው በሳምንት ይለምደዋል።

በአውቶካድ የሚኖር አማካሪ ቢሮ ከሆናችሁና በዓመት ብዙ ፕሮጀክት የሚወጣላችሁ ከሆነ ዋተርካድ ዋጋውን ይመልሳል። በዓመት አንድ ፕሮጀክት ከሆነ አይመልስም።

የውሃ አገልግሎት ሆናችሁ ካርታችሁ አርክጂአይኤስ ላይ በደንብ የተያዘ ከሆነ ፉክክሩ በዋተርጀምስና በኢንፎዋተር ፕሮ መካከል ነው። እዚህ የሶፍትዌሩን ሜኑ ከማወዳደር ይልቅ በአካባቢያችሁ የትኛውን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ትቀጥራላችሁ የሚለውን አስቡ።

የውሃ አገልግሎት ሆናችሁ ካርታው ገና ግማሽ ከሆነ ደግሞ የሞዴል ሶፍትዌር አሁን አትግዙ። በዚያ ገንዘብ ሰዎች ቀጥራችሁ ቫልቭና ቧንቧ አስመዝግቡ፤ መዝገቡን በኪው ጂአይኤስ ጀምሩ። ካርታው ሲያልቅ ላይሰንሱ ያኔም ገበያ ላይ አለ። ሞዴል አስፈላጊ የሆነበት አንድ ሰፈር ካለ እሱን ብቻ በኢፓኔት ሥሩ።

ስለ ክራክ ሶፍትዌር ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በክራክ የተሠራ ሞዴል ላይ ስማችሁን ፈርማችሁ ለደንበኛ ስታስረክቡ ፋይሉን በሕጋዊ ላይሰንስ የሚከፍት ሰው ሊጠይቃችሁ ይችላል። ነፃው መንገድ እያለ ይህን አደጋ መውሰድ አይገባኝም።

## ከመግዛታችሁ በፊት የግማሽ ቀን ፈተና

ሻጭ የሚያሳያችሁ ሞዴል ሁልጊዜ ያምራል፤ የራሱ ናሙና ነዋ። እናንተ የራሳችሁን አንድ ሰፈር ይዛችሁ ሂዱ፤ 200 ቧንቧ ገደማ ይበቃል። አታጽዱት። ክፍተቱም፣ ባዶ ዲያሜትሩም፣ የተደራረበውም መስመር እንዳለ ይሁን። ከጎኑ ተቀምጣችሁ ወደ ሞዴል እንዲቀይረው ጠይቁት። ስንት ስህተት እንዳገኘና ስንቱን ሳይናገር እንዳለፈ መዝግቡ።

ከዚያ ካርታው ላይ አንድ ቧንቧ ሰርዙ፣ አንድ ጨምሩ፣ የአንዱን ዲያሜትር ቀይሩና «አሁን አድሰው» በሉት። ያስገባችሁት ፍጆታና የቫልቭ ቅንብር ከእድሳቱ በኋላ ባለበት አለ? ወይስ አብሮ ጠፋ?

በመጨረሻ ሞዴሉን በአይኤንፒ አስወጡና በነፃው ኢፓኔት ክፈቱት። የአምስት ኖዶችን ግፊት አወዳድሩ። ትንሽ ልዩነት ካለ ችግር የለም። ትልቅ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ኢፓኔት የማያውቀውን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ልዩ ዓይነት ማጠራቀሚያ ወይም ፍጥነቱ የሚቀያየር የፓምፕ ስብስብ፣ በራሱ መንገድ ይዞ ሲወጣ ጥሎት ቀርቷል ማለት ነው። ሲወጣ የሚቀሩትን ነገሮች ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ክፍያው ዝርዝሩን ካያችሁ በኋላ ይሁን።